ዳርቻው ለማን ነው?

ሐምሌ፣ ጎንደር፣ ፒያሳ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላቆም ብሎ ሰው በየበረንዳው ተጠልሏል። ከፖስታ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ቡና ቤት ጡረታ የወጡ አንድ የጂኦግራፊ መምህርና የእህታቸው ልጅ ተቀምጠዋል። እሷ ነርስ ናት። ያለፈውን ክረምት ከባለቤቷና ከልጇ ጋር ኬንያ፣ ሞምባሳ ሄዳ መጥታለች።

መምህሩ፦ እናትሽ ዘንድሮም ሞምባሳ ልትሄጂ እንዳሰብሽ ነገረችኝ።

ነርሷ፦ አዎ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ። ይቆጡኛል ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።

መምህሩ፦ ምን ያስቆጣኛል? የሠራ ሰው ያርፋል። የዓመት ፈቃድ አለቃሽ በችሮታ የሚሰጥሽ ነገር አይደለም፤ ሕግ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ የዓመት ፈቃድ አለው። በግል ድርጅት የሚሠራውም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ይገባዋል። ግን እኔ የማውቃቸው ሠራተኞች አብዛኞቹ ፈቃዳቸውን ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲያወጡት ኖረው፣ ለዕረፍት ብለው አንድ ሳምንት እንኳ ሳይቀመጡ ጡረታ ወጥተዋል። አንቺ ፈቃድሽን ለዕረፍት በማዋልሽ ደስ ብሎኛል። የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ለምን በክረምት? ለምንስ እዚያ ድረስ?

ነርሷ፦ በክረምት የሆነው ባለቤቴ አስተማሪ ስለሆነ ነው። ሰኔ 30 ካላለፈ ከከተማ መውጣት አይችልም፤ የልጃችንም ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው። ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር ላይ እንዴት እንደሆነ ያውቁታል። የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ ልጅ ከቤት አይወጣም። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሌሊት ተረኛ ሆኜ የማየው አለ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት ለሐኪም ቤት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አይጠበቅብኝም። አንድ ጠዋት ከሥራ ስወጣ ባለቤቴን፣ “እባክህ ወደ ሙቀት ውሰደኝ” አልኩት።

መምህሩ፦ ይገባኛል፣ ልጄ። በዚህ አልከራከርሽም። ግን በእኛ አገር ባሕርና ክረምት አብረው አይሄዱም ነበር። እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ ተመድቤ አስተምሬአለሁ። ያኔ ባሕር ሲባል ሰው የሚያስበው እሷን ነበር፤ የጉርጉሱምን አሸዋ፣ በውኃው ላይ በተሠራ መንገድ ከየብስ ጋር የተያያዙትን ሁለቱን ደሴቶች። ሐምሌ ላይ ግን ምጽዋ የሚታረፍባት ከተማ አይደለችም። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ከቀኑ እምብዛም አይሻልም። አቅም ያለው የምጽዋ ሰው ቤቱን ቆልፎ አስመራ ይወጣል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ ያደረሱት ሐዲድ ከባሕሩ ጠርዝ ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ምጽዋ ላይ ላቡን እየጠረገ የተሳፈረ ሰው አስመራ ሲደርስ ሹራብ ይደርባል። ደጋ ላደግን ሰዎች ደግሞ የሚገርመን፣ ምጽዋ ያችን ትንሽ ዝናቧን የምታገኘው በእኛ በጋ ነው። የባሕሩ ደህና ጊዜም ያው በጋ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ የባሕር ኃይልን ቀን ለማክበር የሚወርዱት፣ የአሜሪካና የሶቪየት የጦር መርከቦች ሳይቀሩ ለእንግድነት ወደቡ ላይ የሚቆሙት በበጋ ነው።

ነርሷ፦ አሁንስ ይናፍቅዎታል?

መምህሩ፦ እንዴት አይናፍቀኝም? ወጣትነቴ እኮ ነው። ከ1985 ወዲህ ያ ዳርቻ የሌላ አገር ነው። በሐምሌ 2010 ከኤርትራ ጋር ሰላም ሲወርድ እንደ እኔ ያለው ሁሉ አንድ ጊዜ ልየው ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ድንበሩ ተከፈተ ሲባል ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። እሱን እንተወው። አንቺ ስለ ሞምባሳ ንገሪኝ። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ አልጎዳሽም?

ነርሷ፦ ምንም። እንዲያውም ለእነሱ ሐምሌ ቀዝቃዛው ወር ነው። ቀን ቀን 27፣ 28 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ ማታ ነፋሱ ደስ ይላል። ትልቁ ዝናባቸው በሚያዝያና በግንቦት ወርዶ አልቋል።

መምህሩ፦ ትክክል ነው። ሞምባሳ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ናት። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ እነሱን ለቅቆ ወደ እኛ ይመጣል። እኔ ይህን ስንት ዓመት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሣልኩት መሰለሽ። ከዚህ መስኮት ውጭ የሚወርደው ዝናብና አንቺ የተኛሽበት ደረቅ አሸዋ የአንድ ነገር ሁለት ጫፎች ናቸው። ስለዚህ ክረምትን ለመሸሽ የመረጥሽው ቦታ በጂኦግራፊ አይን ስህተት የለበትም።

ነርሷ፦ ከእርስዎ አፍ ይህን በመስማቴ ደስ አለኝ።

መምህሩ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። አንቺ ብርድ ሸሽተሽ ወደ ሙቀት ትሄጃለሽ። ሙቀት የሚሸሸው ደግሞ ወደ እኛ ይመጣል። የጅቡቲ ሰው በሐምሌና በነሐሴ አገሩ አላስቀምጥ ሲለው የሚወጣው ወደ ኢትዮጵያ ነው። እዚህ ፒያሳ ላይ ሱዳናውያኑን ታስታውሺ የለም? በዒድ ሰሞንና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከካርቱም በመተማ በኩል ከነቤተሰባቸው ይመጡ ነበር። ረጃጅም ነጭ ልብስ የለበሱ አባቶች፣ ቶብ የተከናነቡ እናቶች፣ ልጆች በእጃቸው አይስክሬም ይዘው ከፋሲል ግቢ ወደዚህ ሲንሸራሸሩ። አንዱን አባት፣ ምን ሊያዩ መጡ ብዬው፣ “ደመና” አለኝ። ለእሱ ጎንደር ሞምባሳው ነበረች። እኛ ግን ይህን ክረምታችንን እንደ ቅጣት እንጂ ሰው ከሩቅ የሚመጣለት ነገር አድርገን አናየውም።

ነርሷ፦ አስታውሳለሁ። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ደግሞ በዚያው በመተማ የሚመጡት ለሽርሽር አይደለም። አገራቸው ላይ ጦርነት ሲነሣ ልጆቻቸውን ይዘው በዚያው መንገድ ነው የገቡት። ለዕረፍት መጥተው የሚያውቁት ከተማ አጠገብ ስደተኛ ሆኑ።

መምህሩ፦ ዕረፍት ሰላም ይፈልጋል፤ ከሁሉ በፊት እሱን ነው የሚፈልገው። በይ እስቲ፣ እዚያ ምን አገኘሽ? ሆቴሉን ተይው፤ ሆቴል የትም ሆቴል ነው።

ነርሷ፦ ሆቴልማ አልነበርንም። የባለቤቴ ዘመድ እዚያ ይሠራል፤ እሱ ዘንድ ነው ያረፍነው። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ ስለማይጠየቅ ወረቀቱ አላስቸገረንም። ገንዘቡ ነው ያስቸገረን። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት አንድ የኬንያ ሽልንግ ግማሽ ብር አይሞላም ነበር፤ አሁን ከአንድ ብር አያንስም። ስለዚህ በማታቱ፣ በእነሱ ታክሲ ማለቴ ነው፣ እየተጋፋን፣ ከመንገድ ዳር እየበላን ነው የከረምነው። ሊኮኒ ላይ ከሞምባሳ ደሴት ወደ ደቡቡ የብስ የሚያሻግረው ጀልባ ለእግረኛ ነፃ ነው፤ ልጄን ለማዝናናት ብቻ ስንት ጊዜ ተመላለስንበት።

መምህሩ፦ ጥሩ ነው። እሱን ነው መስማት የምፈልገው።

ነርሷ፦ ከሁሉ ልቤን የነካው ግን እሁድ ነው። ከኒያሊ አልፎ በጆሞ ኬንያታ ስም የሚጠራ የሕዝብ ዳርቻ አለ። እሁድ ከሰዓት ከተማው በሙሉ እዚያ ይወርዳል። መግቢያ የሚጠይቅ፣ ፊት አይቶ የሚመልስ ዘበኛ የለም። ቡኢቡኢ የሚባለውን ጥቁር ልብስ የለበሱ ሙስሊም እናቶች ከነልብሳቸው ውኃው ውስጥ ወገባቸው ድረስ ገብተው ይቆማሉ። የፋብሪካ ሠራተኞች ሱሪያቸውን ጠቅልለው ኳስ ይጫወታሉ። ዋና የማይችለው ሁሉ የትልቅ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ይከራያል፤ ባለላስቲኮቹ ነፍተው፣ በአሸዋው ላይ ደርድረው ይጠብቃሉ። አንዱ ኮኮነት በቆንጨራ ይቀድልዎታል፣ አንዷ ያልበሰለ ማንጎ ከታትፋ ጨውና በርበሬ ነስንሳ ትሸጣለች። ግመል ላይ ልጆቻቸውን የሚያስጋልቡም አሉ። እኔ ለጥቂት ሰዓት ሰው ሲታመም አላየሁም፤ ሰው ሲደሰት ብቻ አየሁ። ያንን ከስንት ጊዜ በኋላ እንዳየሁ ለራሴም ገረመኝ።

መምህሩ፦ ባሕሩስ? ከጣና ሌላ ውኃ ያላየ ሰው መጀመሪያ የሚያስደነግጠው መሸሹ ነው።

ነርሷ፦ አዎ! ጠዋት ስንደርስ ውኃው እግራችን ሥር ነበር። ቁርስ በልተን ስንመለስ የለም። ሩቅ፣ ማዕበሉ ነጭ ሆኖ የሚሰበርበት የድንጋይ አጥር ድረስ ሸሽቷል። የነበረበት ቦታ እርጥብ አሸዋ፣ ሣር የመሰለ የባሕር ተክል፣ በየጉድጓዱ የቀረ ለብ ያለ ውኃ ነው። ልጄ አንዱ ጉድጓድ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ትንሽ ሸርጣን ከሥር ወጥታ ስትገባ፣ ወጥታ ስትገባ ሲያይ ዋለ። አሸዋውን በሁለት ጥፍሯ ታፍሳለች፣ እንደ ጓል አድቦልቡላ ከደጇ ትጥላለች፣ ትመለሳለች። ከሰዓት በኋላ ውኃው ቀስ እያለ መጥቶ ሁሉንም ሸፈነው። ልጁ አለቀሰ፤ ቤቷ ፈረሰ ብሎ።

መምህሩ፦ እዚያ ዳርቻ በትልቁ ማዕበል ጊዜ ውኃው በግምት እስከ 4 ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል። ምጽዋ ላይ ይህን ያህል አይደለም። ጨረቃና ፀሐይ በአንድ መስመር ሲሆኑ፣ በሠርቀ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ነው የሚበረታው።

ነርሷ፦ ታዲያ ያ የሚሸፈነውና የሚገለጠው አሸዋ የማን እንደሆነ ያውቃሉ? ዘመዳችን ነው ያስረዳኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 የሕዝብ መሬት የሆኑትን ሲዘረዝር፣ የባሕሩ ከፍተኛና ዝቅተኛ ውኃ በሚደርስባቸው መስመሮች መካከል ያለውን መሬት በሙሉ የሕዝብ ነው ይላል። ሆቴሉ ምንም ቢከብር ደጃፉ ላይ ያለው አሸዋ የእኔም የማንጎ ሻጯም ነው። በርግጥ ሆቴሎች ከዋናው መንገድ ወደ ውኃው የሚያወርደውን መተላለፊያ በአጥር ይዘጋሉ የሚል ቅሬታ አለ፤ ክርክሩ አላለቀም። ግን ሕጉ ስላለ ሰዉ የሚከራከርበት ነገር አለው።

መምህሩ፦ አሁን ወደ ነገራችን መጣን። እዚህ ከፒያሳ ተነሥተሽ በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጯሂት አድርገሽ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄጂ ጎርጎራ ነሽ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወዲህ ማዶ ቆመሽ ወዲያ ማዶው አይታይሽም። ከፍታው 1,800 ሜትር ስለማይሞላ ከጎንደር ይልቅ ይሞቃል። ነገሥታቱ ይህን ያውቁ ነበር። በጋውን በዘመቻ አሳልፈው ሰኔ ሲገባ ይከትማሉ፣ ክረምቱን ከሐይቁ ብዙ ሳይርቁ ያሳልፋሉ። ሠርጸ ድንግል እንፍራዝ ላይ የጉዛራን ግንብ ሠራ። ሱስንዮስ ጎርጎራ ከተመ፤ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተው እዚያ ነው። ማርያም ግምብ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ እስከ ዛሬ በዳርቻው አለ። እቴጌ ምንትዋብም በቁስቋም ቤተ መንግሥቷ ሳትወሰን ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠርታለች። ይህ ዳርቻ የጎንደር ሰው የሚያርፍበት ቦታ ሆኖ የኖረ ነው። ድሮ በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥታ ዘጌን፣ ደቅን እየነካች፣ ቁንዝላ አድራ ጎርጎራ የምትደርስ መርከብ ነበረች። በእሷ ተሳፍሬ አውቃለሁ። ገበሬው ከነዶሮው፣ መነኩሴው ከነመቋሚያው፣ ተማሪው ከነደብተሩ የሚሳፈርባት ነበረች። አንቺ ለምን ልጅሽን መጀመሪያ እዚያ አላሳየሽውም?

ነርሷ፦ እውነቱን ልንገርዎት? መንገዱ እንደሚታወቀው ነው፤ ያ አንዱ ነው። መንገዱ ሰላም ቢሆንም ግን ልጄን ጣና ውስጥ አላስገባውም። እርስዎ በታሪክ ያዩታል፣ እኔ በላቦራቶሪ ውጤት ነው የማየው። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ ዝናብ ያጥብና ዕንቁላሉን ወደ ውኃው ይወስደዋል፣ ከዚያ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፣ ከቀንድ አውጣው በዓይን የማይታይ ሆኖ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ ይበሳል። ሕፃኑ የሚታጠብበት፣ እናቲቱ ልብስ የምታጥብበት፣ ሣርና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው ዋናው ቦታው። ከዓመታት በኋላ አንጀትና ጉበት ይጎዳል። ጨው ባሕር ላይ ይህ የለም፤ ያ ቀንድ አውጣ እዚያ አይኖርም። ወባም አለ። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከደምቢያ፣ ሕመምተኛ ሲመጣ ያዩታል። ነገሥታቱስ ቢሆኑ ከጎርጎራ ለቅቀው ወደዚህ የወጡት ለምን ይመስልዎታል?

መምህሩ፦ የታሪክ ጸሐፊዎች ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ወባ ነው። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 እዚህ ሲከትም ከሐይቁ ሜዳ ከፍ ማለቱ ነው የጠቀመው። የአንቺ ትምህርት ቤትም፣ በ1947 የተቋቋመው የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ የተወለደው የደምቢያን ሕዝብ የፈጀውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ ነው። ስለዚህ ትክክል ነሽ። ግን ልጄ፣ ካልሽው ውስጥ የማይታከም አለ?

ነርሷ፦ የለም። ቢልሃርዚያ መድኃኒት አለው፤ ፕራዚኳንቴል በየትምህርት ቤቱ ይታደላል። መድኃኒቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ልጁ ድኖ ተመልሶ እዚያው ውኃ ውስጥ ይገባል። ዑደቱ የሚበጠሰው ሽንት ቤት ሲኖር፣ ንጹሕ ውኃ በቧንቧ ሲመጣ፣ መታጠቢያው ከዳርቻው ሣር ሲርቅ ነው። ለወባውም አጎበርና ወቅታዊ ርጭት። ከባድ ሳይንስ የለበትም።

መምህሩ፦ እሱን ነው እኔም የምለው። ዳርቻው በትልቅ ገንዘብ የማይሠራ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሲሠራ ግን አየን። በ2012 መጨረሻ ገበታ ለሀገር ለተባለው የቱሪዝም ፕሮጀክት ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመረጠ፤ መንገድ ገባ፣ ሎጅ ተሠራ። አልነቅፍም። ለደምቢያ ልጆች ሥራ ነው፣ ለአገርም ገጽታ ነው። ሎጅ ግን ገንዘብ ላለው እንግዳ ነው የሚሠራው፤ ከእሱ ሌላ መጠበቅም የለብንም። እንግዳው የሚዋኝበት ገንዳ አለው፣ ውኃው የታከመ ነው። ከአጥሩ ማዶ ግን ያው አንቺ ያልሽው ሣር፣ ያው ቀንድ አውጣ አለ። ጥያቄዬ፣ የፒያሳ ልብስ ሰፊ፣ የአዘዞ ባለባጃጅ፣ የአንቺ ቢጤ ነርስ እሁድ ልጁን ይዞ የት ይውረድ የሚል ነው።

ነርሷ፦ ባሕር ዳርም እኮ ያው ነበር። ሐይቁ አጠገብ እየሄዱ ለብዙ መንገድ የሚያዩት አጥር ነው፤ የሆቴል፣ የመሥሪያ ቤት። አሁን በሐይቁ ዳር የእግረኛ መንገድ መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው።

መምህሩ፦ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ከታጠረ በኋላ መክፈት ስንት ጣጣ እንዳለው ያሳያል። ጎርጎራ ላይ ገና ነን። አሁን ሳይታጠር ነው መነጋገር ያለብን።

ነርሷ፦ ሕጉስ ምን ይላል?

መምህሩ፦ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የጣና ዙሪያም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። ግን “የሕዝብ ነው” ማለትና “ሕዝብ ሊወርድበት ይችላል” ማለት አንድ አይደለም። የኬንያውን አንቀጽ የወደድኩት ለዚህ ነው፤ የት ጀምሮ የት ድረስ እንደሆነ መስመሩን አስምሮ ይናገራል። እኛ ዘንድ አንድ ወረዳ ለአንድ ባለሀብት ዳርቻውን በሊዝ ሲሰጥ ሕዝቡ የሚወርድበት ስንት ሜትር እንደሚቀር የተጻፈ ነገር እፈልጋለሁ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጨምርልዎት። እምቦጭ የተባለው አረም በ2004 ገደማ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ሲታይ፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ በኩል፣ ውኃው ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የነበረው ማነው? ገበሬው ነው፤ ከጎንደር የሄዱ ወጣቶችም ነበሩ። እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ያንን ከባድ ሥር እየጎተቱ በሸክም ያወጡ ነበር። ቦት ጫማ የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው። ያ ውኃ ቢልሃርዚያ ያለበት ውኃ ነው። እኛ ሐኪም ቤት ሆነን የምናስበው ስንቱ በሽታውን ይዞ ቤቱ እንደገባ ነበር። ያን ሐይቅ በገላቸው ያዳኑ ሰዎች ከዳርቻው ከታገዱ ነውር ነው።

መምህሩ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከእኔ ታሪክ ሁሉ ይህ ይበልጣል። ነገሥታቱ እዚያ ስለከረሙ ሳይሆን እነዚህ ሰዎች ስለደከሙበት ነው ዳርቻው የሕዝብ መሆን ያለበት።

ነርሷ፦ ግን ሰው ይወርዳል ብለው ያምናሉ? ጎንደሬ ውኃ ይፈራል። ዋና የሚችል ስንት አለ?

መምህሩ፦ ጥምቀት ለት ፋሲል መዋኛ ምን ሲሆን አየሽ? ከቀሃ ወንዝ የተሞላው ውኃ በተባረከ ሰዓት ወጣቱ ከግንቡ ላይ እየተወረወረ ይገባል፣ እናቶች በጠርሙስ ለመቅዳት ይጋፋሉ። የኢትዮጵያ ጥምቀት በ2012 በዩኔስኮ ሲመዘገብ የዓለም ሰው ካያቸው ምስሎች አንዱ ያ ነበር። የጎንደር ሰው ውኃ አይፈራም፤ ዋና ያልለመደው ውኃ የሚያገኘው በዓመት አንድ ቀን ስለሆነ ነው። ወቅቱንም አስቢው፤ ጥር ነው። መኸሩ ገብቷል፣ ገበሬው አርፏል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ወባውም ጋብ ብሏል። ጣናም ደህና የሚሆነው ያኔ ነው። ሐምሌ የገበሬ የሥራ ጊዜ ነው፤ ነሐሴ ከገባ ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይውላል፣ ቡሄ ይመጣል። ክረምትን ለዕረፍት ማዋል የሚችለው እንደ አንቺ ባል ያለ አስተማሪና ተማሪው ነው። ስለዚህ ዳርቻው ሲታሰብ በጥር የሚወርደውን ሕዝብ አስቦ ነው መሠራት ያለበት፤ በሐምሌ በአውሮፕላን የሚመጣውን እንግዳ ብቻ አይደለም።

ነርሷ፦ ታዲያ እኔ ዘንድሮ ልቅር?

መምህሩ፦ ለምን ትቀሪያለሽ? ሂጂ። ልጅሽ ሸርጣኗን ይይ፣ አንቺም እንቅልፍሽን ተኚ። ፎርት ጂሰስን አይተሻል?

ነርሷ፦ ከውጭ ብቻ። ልጁ ደክሞት ነበር።

መምህሩ፦ ዘንድሮ ግቢበት። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መሥራት የጀመሩት ምሽግ ነው። የእነሱ ዘመቻ አንዱ ክንፍ እ.ኤ.አ. በ1541 በምጽዋ በኩል ወደ እኛ የገባው የክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጦር ነው። ማርያም ግምብን የሠሩት ኢየሱሳውያን የመጡትም በዚያው የሕንድ ውቅያኖስ መንገድ ነው። ያን ግንብ አይተሽ ስትመለሺ ጎርጎራን በሌላ ዓይን ታዪዋለሽ። ስትመለሺ ግን ዝም ብለሽ አትቀመጪ። ያየሽውን እሁድ ጻፊው። ሽንት ቤቱ የት እንደነበር፣ የነፍስ አድን ሠራተኛ ቆሞ እንደሆነ፣ መተላለፊያው ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ላስቲክ አከራዮቹ በማን ፈቃድ እንደሚሠሩ። እኔ አንቀጹን እጽፋለሁ፣ አንቺ የጤናውን ትጽፊያለሽ።

ነርሷ፦ ለማን ነው የምንጽፈው?

መምህሩ፦ ለወረዳው፣ ለዞኑ፣ ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም፣ ለሚያነብ ሁሉ። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከጎርጎራ ዳርቻ የተወሰነ ርዝመት ለማንም በሊዝ የማይሰጥ የሕዝብ መውረጃ ተብሎ በወረቀትም በችካልም ይከለል። እዚያ ላይ ሽንት ቤትና የቧንቧ ውኃ ከሁሉ በፊት ይግባ፤ ጥላና መቀመጫው በኋላ ይደርሳል። የጤና ባለሙያ ዳርቻውን በየጊዜው ይመርምር፣ ውጤቱም ለሰዉ በግልጽ ይለጠፍ። ዓሣ የሚጠብሱት፣ በታንኳ የሚያንሸራሽሩት የደምቢያ ልጆች ቅድሚያ ያግኙ።

ነርሷ፦ መንገዱም ሰላም ይሁን ብለው ይጨምሩ። ያ ከሌለ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው።

መምህሩ፦ እሱንማ መጀመሪያ ላይ እጽፈዋለሁ። ይህን የሚያነብ፣ የጣናን ዳርቻ ለማከፋፈል ፊርማ ያለው ሰው ካለ፣ ከመፈረሙ በፊት አንድ እሁድ ከቆላ ድባ ሰዎች ጋር ውኃው ዳር ይውረድ፤ ያን ሰዓት የሚያያቸውን ሰዎች አስቦ ይፈርም።